ልጅ በዕድሉ ያድጋልን?

በአገራችን ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፉ ከኖሩት ምሳሌያዊ አነጋገሮች መካከል «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የሚለው ያልገባበት ቤት የለም። ሕፃን በተወለደበት ቤት እንግዳ ይናገረዋል፤ ወላጅ በተቸገረ ጊዜ ጎረቤት ያጽናናበታል፤ ደመወዝ ባልበቃበት ወር መጨረሻም ባልና ሚስት እርስ በርሳቸው ይባባሉታል። እኛም ይህን ቃል ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው ስለ ኖርን፥ እውነት መሆን አለመሆኑን እንመርምር ብለን አስበን አናውቅም ነበር። ነገር ግን ባለፈው ዓመት፥ የድሬዳዋ ሙቀት በሚበረታበት በግንቦት ወር፥ በአንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ በእንጨት ሰሌዳ ላይ ከተጋደመች አንዲት ሕፃን አጠገብ ቆመን ሳለ ይህ የቆየ ቃል ጥያቄ ሆኖ መጣብን። ሕፃኗ የራሳችን ልጅ ነበረች።

ወደዚያ የሄድነው ለሳል መድኃኒት ፍለጋ ነበር። ነርሷ ግን ሳሉን ከማየቷ በፊት ልጂቱን አጋድማ፥ እግሯን ዘርግታ፥ ቁመቷን ለካች፤ ቁጥሩንም በካርዷ ላይ ከተሰመረው መስመር ጋራ አመሳከረችው። ከዚያም ቀና ብላ፥ «አባቷ፥ የተወለደችበትን ቀን በትክክል ያስታውሱታል?» ስትል ጠየቀችን። ሥራችን በመዝገብ ቤት ስለ ሆነ፥ ቀን መያዝም እንጀራችን ስለ ሆነ፥ ጥያቄው ጥቂት ቅር አሰኘን። ቀኑን ከነሰዓቱ ነገርናት። ልጃችን 20 ወሯ ነበር። ነርሷም ነጥቡን ከመስመሩ በታች ካስቀመጠች በኋላ፥ «እንግዲያው ቀንጭራለች» አለች። እኛም፥ «ኧረ ተርባ አታውቅም! ጠግባ ነው የምታድረው» ብለን ተከራከርን። እርሷም ድምፅዋን ሳታነሣ፥ «ሆዷ ጠግቦ ይሆናል፤ አጥንቷ ግን አልጠገበም» ስትል መለሰችልን።

ቀጥላም ሰው ከተፀነሰበት ቀን አንሥቶ ሁለት ዓመት እስኪሞላው ድረስ ያለው ጊዜ 1,000 ቀን ያህል መሆኑን፥ የአካልና የአእምሮ መሠረት የሚጣለውም በዚሁ ጊዜ መሆኑን፥ ከዚያ ወዲያ የጎደለውን መሙላት እጅግ አስቸጋሪ መሆኑን አስረዳችን። ከጤና ጣቢያው ወጥተን በዛፍ ጥላ ሥር ቆመን ስናሰላው፥ ከ1,000ው ቀን ለልጃችን የቀረላት 130 ያህል ብቻ ነበር።

«ቀነጨረ» የሚለው ቃል ለእኛ አዲስ አልነበረም። ማሽላ የሚዘራ ገበሬ ሁሉ በማሳው ውስጥ አቀንጭራ የሚባለውን አረም ያውቀዋል። ይህ አረም ሥሩን ከማሽላው ሥር ጋራ አጣብቆ፥ ገበሬው ምንም ሳያይ፥ ከመሬት በታች ምግቡን ይመጠዋል። ሐምራዊ አበባውን አውጥቶ በታየ ጊዜ ማሽላው አስቀድሞ ተጎድቷል። በሰው ልጅ ላይ የሚሆነውም ይኸው ነው፤ ጉዳቱ በዐይን የሚታየው ሥራውን ከሠራ በኋላ ነው። ቋንቋችን ደግሞ ለዚህ ተቃራኒ የሆነ መልካም ቃል አለው፤ ይኸውም «ፋፋ» የሚለው ነው። በ1960 ዓ.ም. ገደማ በአገራችን የምግብ ጥናት ባለሙያዎችና በስዊድን መንግሥት እርዳታ፥ ከእህል፥ ከጥራጥሬና ከወተት ዱቄት የተቀመመ የሕፃናት ምግብ በተዘጋጀ ጊዜ ስሙ «ፋፋ» መባሉ በማስተዋል የተደረገ ነበር። በመፋፋትና በመቀንጨር መካከል የአንድ ልጅ ብቻ ሳይሆን የአንድ ሕዝብም ታሪክ ይገኛል። ለዚህም ምስክር ፍለጋ ሩቅ መሄድ አላስፈለገንም።

ታላቅ ወንድማችን የተወለደው በ1976 ዓ.ም. በወሎ ነው። በ1977 ዓ.ም. ያ የታወቀው ረኀብ በጠና ጊዜ እርሱ ጡት ያልጣለ ሕፃን ነበር፤ የእናታችን ጡት ግን ደርቆ ነበር። አባታችንና እናታችን እርሱን አዝለው በእግር ወደ ቆላው መንገድ ወረዱ፤ ከዚያም በጭነት መኪና እስከ አዋሽ፥ ከአዋሽም በባቡር እስከ ድሬዳዋ ደረሱ። አባታችን በመጀመሪያ የቀን ሥራ አገኙ፤ ኋላም ቋሚ ሠራተኛ ሆኑ። እኛ በ1981 ዓ.ም. ስንወለድ በቤቱ ውስጥ እንጀራም ወጥም ነበረ፤ እናታችንም ከቀፊራ ገበያ ወተት እየገዙ ይጠጡ ነበር። ዛሬ ሁለታችን ጎን ለጎን ስንቆም ታናሹ ከታላቁ በአራት ጣት ይረዝማል። የአንድ አባትና የአንድ እናት ልጆች ነን። እርሱ ትምህርቱን ከአራተኛ ክፍል አቋርጦ በእህል በረንዳ ሚዛን ያዥ ሆነ፤ እኛ ሁለተኛ ደረጃን ጨርሰን በመንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀጠርን። የዚህ ሁሉ ልዩነት ምክንያቱ ያ አንድ ክፉ ዓመት ብቻ ነው ለማለት አንደፍርም፤ ነገር ግን ምንም ድርሻ የለውም የሚለን ሰው ቢኖር አንቀበለውም።

ከዚያ የግንቦት ቀን በኋላ ስለዚህ ጉዳይ የተጻፈ ነገር ባገኘን ቍጥር ማንበብ ጀመርን፤ በቤታችን የሆነው ነገር በዓለም ታሪክ ውስጥም የሆነ ነገር መሆኑን ተረዳን። የሰው ልጅ ከ10,000 ዓመት ገደማ በፊት እህል መዝራትና ከብት ማርባት ከመጀመሩ አስቀድሞ በአደንና የዱር ፍሬ በመልቀም ይኖር ነበር። እህል መዝራት በጀመረ ጊዜ ቍጥሩ በዛ፤ መንደር ሠራ፤ ከተማ ቈረቈረ፤ ንጉሥ አነገሠ። የጥንት አጥንት ቈፍረው የሚመረምሩ ሊቃውንት ግን አንድ የሚያስደንቅ ነገር አግኝተዋል፤ ይኸውም በብዙ ስፍራ የመጀመሪያዎቹ ገበሬዎች ከአዳኞቹ አያቶቻቸው ይልቅ ቁመታቸው ያጠረ፥ ጥርሳቸውም የተበላሸ ሆኖ መገኘቱ ነው። የአዳኙ ምግብ ልዩ ልዩ ነበር፤ ገበሬው ግን በአንድ ወይም በሁለት ዐይነት እህል ላይ ተደገፈ። ጎተራው ሕዝቡን አበዛው፤ ገበታው ግን ቁመቱን አሳጠረው። የእኛም የመዝገብ ቤት ሙያ ከዚያው ጎተራ አጠገብ የተወለደ ነው፤ በሜሶፖታሚያ ከተገኙት እጅግ የቆዩ የሸክላ ጽሑፎች ብዙዎቹ ለሠራተኛ የተሰፈረ ገብስ መዝገብ ናቸውና።

አገራችንም የራሷን ዘር ለሰው ልጅ ያበረከተች ናት፤ ጤፍና እንሰት ከዱር ወደ ማሳ የገቡት በዚሁ ምድር ነው። እነዚህ ሁለቱ የሕዝባችንን አሰፋፈር ጭምር ቀርፀውታል። በሰሜኑ ደጋ በበሬ የሚታረሰው እህል ሰፊ ማሳ ይፈልጋል፤ ዝናብ በቀረበት ዓመትም ባዶ እጅ ያስቀራል። በጌዴኦ፥ በሲዳማና በጉራጌ ግን እንሰት ከቤት ጓሮ ተተክሎ፥ ድርቅን ታግሦ፥ ባለቤቱ በፈለገው ጊዜ ይቈረጣል፤ ስለዚህም በትንሽ መሬት ላይ ብዙ ሕዝብ ተጠጋግቶ ሊኖር ችሏል። ዛሬ በእንሰት የሚኖረው ሕዝብ 20 ሚሊዮን ያህል ይባላል። ይሁን እንጂ ቆጮ ብቻውን ሆድ ይሞላል እንጂ ገላ አይሠራም፤ ባለቤቶቹም ይህን ዐውቀው ከወተት፥ ከአይብና ከጎመን ጋራ ያቀርቡታል። ከነርሷ ቃል ጋራ የሚስማማ የአበው ጥበብ ነው።

ሕዝብ በአንድ እህል ላይ ብቻ ሲደገፍ የሚደርስበትን አደጋ ለማወቅ የፈለገ ሰው የአይርላንድን ታሪክ ይመልከት። ድንች ከአሜሪካ ወደ አውሮፓ ከገባ በኋላ የአይርላንድ ድኻ በጥቂት መሬት ላይ ድንች ተክሎ ልጆቹን ማሳደግ ስለ ቻለ ሕዝቡ እየበዛ ሄዶ እ.ኤ.አ. በ1841 ከ8 ሚሊዮን አለፈ። እ.ኤ.አ. በ1845 ግን የድንቹን ቅጠልና ሥር የሚያበሰብስ በሽታ ገባ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ 1 ሚሊዮን ያህል ሰው በረኀብና ረኀብ ባመጣው በሽታ አለቀ፤ ከ1 ሚሊዮን የሚበልጥ ደግሞ ባሕር ተሻግሮ ተሰደደ፤ በ1851 የተቈጠረው ሕዝብ 6 ሚሊዮን ተኩል ያህል ብቻ ነበር። የደሴቲቱ ሕዝብ እስከ ዛሬም ወደ ቀድሞው ቍጥሩ አልተመለሰም። ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው በነዚያው ዓመታት ከአይርላንድ ወደብ ስንዴና ከብት እየተጫነ ወደ ውጭ መውጣቱ ነው። እህሉ ነበረ፤ የረኀብተኛው ግን አልነበረም።

የእኛንም አገር ክፉ ቀን አያቶቻችን አልረሱትም። በ1880 ዓ.ም. በምጽዋ በኩል ከባሕር ማዶ ከገቡ ከብቶች ጋራ የደስታ በሽታ ወደ አገራችን ገባ፤ ከአሥሩ ከብት ዘጠኙን ፈጀ። በሬ ሲያልቅ ማረሻ ቆመ፤ ማረሻ ሲቆም ጎተራ ባዶ ሆነ፤ ዝናብም ጠፋ፤ አንበጣም ተጨመረበት። እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ በቆየው በዚያ ረኀብ ከሕዝቡ ሲሶው እንዳለቀ የጻፉ አሉ። መንደሮች ጠፍ ሆኑ፤ የተረፈውም ሰው እህል አለ ወደ ተባለበት ተሰደደ። ዛሬ ቀዬአችን ይህ ነው የምንለው ብዙዎቻችን አያት ቅድመ አያቶቻችን በዚያ ጊዜ ከየት ተነሥተው የት እንደ ሰፈሩ ብንጠይቅ፥ መልሱን ከበሬው ሞት ጋራ ተያይዞ እናገኘው ይሆናል። ደስ የሚያሰኘው ነገር ያ በሽታ በክትባት ኀይል ተሸንፎ እ.ኤ.አ. በ2011 ከምድር ገጽ መጥፋቱ ለዓለም ሁሉ መታወጁ ነው። በሬውን የገደለው የሰማይ ቍጣ ቢመስልም የሰው እጅ ሊያስቀረው የሚችል ነገር ነበር ማለት ነው።

ክፉ ቀን ካለፈ ከ11 ዓመት በኋላ፥ በ1895 ዓ.ም.፥ ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር ከሐረር ተራራ ሥር ካለው ሜዳ ደረሰ። ወደ ሐረር መውጣቱ ድካምና ወጪ ስለ በዛበት ጣቢያው በሜዳው ቀረ፤ በጣቢያውም ዙሪያ በመጀመሪያ አዲስ ሐረር የተባለችው ከተማችን ድሬዳዋ ተቈረቈረች። ከተማችን ከአፈጣጠሯ የምትበላውን የማታመርት ከተማ ናት። ዝናቧ ጥቂት፥ መሬቷም አሸዋማ ነው፤ ሆኖም በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቈጠራ በአስተዳደሩ ውስጥ 341,834 ሰው ተቈጥሯል። ይህን ሁሉ ሰው የሚያኖረው መንገድ ነው። በማለዳ ቀፊራ ገበያ የወረደ ሰው ይህን በዐይኑ ያያል፤ የኦሮሞ ሴቶች ከደጋው ድንች፥ ሽንኵርትና ጎመን ይዘው ይወርዳሉ፤ የሶማሌ ሴቶች ከቆላው ወተት ያመጣሉ፤ ከባሕር ማዶ በባቡርና በመኪና የመጣው ሩዝና ፓስታም ከእንጀራ ጋራ እኩል ገበታ ይዟል። ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ በገባ ጊዜ፥ አዲሱም መስመር በ2009 ዓ.ም. በተመረቀ ጊዜ፥ ሰው ሁሉ የተናገረው ስለ ፍጥነቱ ነበር። እኛ ግን ባቡር ሲባል አስቀድሞ ትዝ የሚለን ወንድማችንን አዝለው ከአዋሽ የተሳፈሩት ወላጆቻችን ናቸው።

አንድ ቀን ማታ ስለነዚህ ነገሮች ለወንድማችን ስናወራለት፥ ሚዛን በያዘባቸው ዓመታት ያየውን በአንድ ቃል ነገረን። «እኔ እህል ከበረንዳው ሲጠፋ አይቼ አላውቅም፤ የሚጠፋው ገንዘብ የያዘ ገዥ ነው» አለ። ይህን ቃል የተናገረው አራተኛ ክፍል ያልጨረሰ ሰው ነው፤ ሕንዳዊው ሊቅ አማርትያ ሴንም እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፉ የደረሰበት ይህንኑ ነው። ሴን የ1965 ዓ.ም.ን የወሎን ረኀብ ሲመረምር በዚያ ዓመት በአገሪቱ በጠቅላላው የተመረተው እህል እምብዛም አለመጕደሉን፥ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እጅግ አለመናሩን፥ እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ እህል ይጫን እንደ ነበረ ጽፏል። ገበሬው አዝመራው ሲጠፋበት የሚበላውም የሚሸጠውም አብሮ ጠፋ፤ ስለዚህ ከገበያው አጠገብ ሆኖ ተራበ። በ2008 ዓ.ም. በደረሰው ድርቅ ከ10 ሚሊዮን የሚበልጥ ወገናችን እርዳታ ሲያስፈልገው እንደ 1977ቱ ያለ እልቂት ያልደረሰው፥ ሰማዩ ስለ ራራ ሳይሆን መንገድ ስለ ነበረ፥ ወሬው በጊዜ ስለ ተሰማ፥ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የተቋቋመው የሴፍቲኔት ሥራም ስለ ነበረ ነው። በ2013 ዓ.ም. በተጀመረው የሰሜኑ ጦርነት ደግሞ መንገድ ሲዘጋ ረኀብ ተመልሶ መጣ። እንግዲህ ከዝናቡ በስተኋላ ሁልጊዜ የሰው እጅ አለ።

የሰው ቁመት በዘር ብቻ የተወሰነ አለመሆኑን የሆላንድ ሕዝብ ያስረዳናል። በ19ኛው ምእት ዓመት አጋማሽ የሆላንድ ወታደር አማካይ ቁመት 165 ሳንቲ ሜትር ያህል ነበር፤ በዚያን ጊዜ ከአውሮፓ ሕዝብ ረዣዥሞቹ እነርሱ አልነበሩም። ዛሬ የሆላንድ ጐልማሳ በአማካይ ወደ 183 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ከዓለም ሕዝብ ሁሉ የረዘመ ሆኗል። በዚህ አጭር ጊዜ ዘሩ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ወተቱ፥ ንጹሕ ውሃው፥ የሕክምናውና የኑሮው ሁኔታ ነው። ያው ሕዝብ ሌላም ትምህርት ይሰጠናል። እ.ኤ.አ. በ1944 እና በ1945 መካከል ባለው ክረምት፥ በጦርነቱ ምክንያት መንገድ ተዘግቶ የምዕራብ ሆላንድ ከተሞች ተርበው ነበር። በዚያ ረኀብ ጊዜ በእናታቸው ማሕፀን የነበሩ ልጆች ካረጁ በኋላ በተመረመሩ ጊዜ የስኳርና የልብ በሽታ ከሌሎቹ ይልቅ በዝቶባቸው ተገኝቷል። ጥቂት ወራት የቆየ ረኀብ ያላዩትን ሰዎች ስድሳ ዓመት ተከተላቸው።

ወደ አገራችን ስንመለስ የምናየው ነገር ያሳዝናልም፥ ተስፋም ይሰጣል። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት ከ100ው 58ቱ ቀንጭረው ተገኙ። በ2008 ዓ.ም. ቍጥሩ ወደ 38፥ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 37 ወርዷል። በ2007 ዓ.ም. መንግሥት የሰቆጣ ቃል ኪዳን በተባለው ውሳኔ፥ ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማስወገድ ቃል ገብቷል። ከከተማችን የደንገጎን ዳገት ወጥቶ ወደ ሐረር የሚሄድ መንገደኛ በሚያገኘው በዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ ትምህርታቸውን እ.ኤ.አ. በ1973 የፈጸሙት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ደግሞ፥ ድርቅን የሚችልና አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ በማውጣታቸው እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል። የማሽላው መቀንጨር እንኳ ዕድል አልነበረም፤ መፍትሔ የሚጠብቅ ችግር ነበር።

ይህን ሁሉ ካነበብን በኋላ ግን የሚከብደው ነገር ቀረ፤ እርሱም የራስን ቤት መዝገብ መግለጥ ነው። ባለቤታችንና እኛ ተቀምጠን ልጃችን የምትበላውን ዘረዘርን። ጧት ሻይ በዳቦ፥ ቀን ፓስታ ወይም ሩዝ፥ ማታ በሽሮ የራሰ እንጀራ ነበር። ሻይ ደግሞ በምግብ ውስጥ ያለው የብረት ንጥረ ነገር ከሰውነት ጋራ እንዳይዋሐድ እንደሚያግድ በኋላ ተማርን። እንቍላል የሚገዛው ለእንግዳ ነበር፤ ሥጋ በተሠራ ቀን ከድስቱ የሚወጣው መልካሙ ቍራጭ ለአባወራ ይቀርብ ነበር፤ ወተቱንም ዋጋው ሲወደድ ትተነው ነበር። ቀጥሎም እንደ ሙያችን በደብተር ላይ መስመር አስምረን የወሩን ወጪ ደመርን። የድሬዳዋ ሰው እንደሚያውቀው ከሰዓት በኋላ በርጫ አለ፤ እኛም ከቢሮ መልስ ከጓደኞቻችን ጋራ እንቀመጥ ነበር። በዚያ ወር ለጫት ያወጣነው ገንዘብ ለልጃችን ለእንቍላልና ለፍራፍሬ ካወጣነው ስድስት እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ድምሩን ሁለት ጊዜ ደግመን አየነው፤ አልተሳሳትንም። በሐረርጌ ደጋ ማሽላ የነበረበት ማሳ ጫት ሆነ እያልን በበርጫው ላይ በገበሬው ስንፈርድ ኖረናል፤ የራሳችን ማሳ ግን ከሁሉ አስቀድሞ ተለውጦ ነበር። ባለቤታችን ደብተሩን ተመለከቱ፤ አንድም ቃል አልተናገሩም። ቢናገሩ ይሻለን ነበር።

በማግሥቱ ነገሩን ለእናታችን ነገርናቸው። ከጓደኞቻችን መካከል ምክራችንን የሰሙ፥ «አቦ ተወው፥ ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ብለውን ስለ ነበር፥ በዚህ ቃል ላይ ቍጣ አድሮብን ነበርና፥ «ይህን ቃል ያወጣው ሰነፍ ነው» አልን። እናታችን ብዙ ዝም አሉ። ኋላ ግን፥ «ልጄ፥ እኔ ይህን ቃል ለወንድምህ ስንት ሌሊት ብዬዋለሁ። ሌላ የምሰጠው ስላልነበረኝ ቃሉን ሰጠሁት» አሉ። ከዚያም ተነሥተው ሄዱ። ቍጣችን በዚያው ቀለጠ። ቃሉን የፈጠረው ስንፍና አይደለም፤ እጇ ባዶ የሆነባት እናት ልጇን አቅፋ ሌሊቱን የምታነጋበት መጽናኛ ነው። ነውሩ ያለው፥ መስጠት የሚችል ሰው ከእርሷ ተበድሮ ሰበብ ባደረገው ጊዜ ነው። የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም ይባላል፤ እኛ ደግሞ ጠግበን፥ የተራበው በገዛ ቤታችን መኖሩ አልታየንም ነበር።

በቀሩት 130 ቀኖች ውስጥ ያደረግነው ነገር ታላቅ አይደለም። በርጫውን ተውን፤ በዚያ ገንዘብ ወተት፥ እንቍላል፥ ፓፓያና ጎመን ወደ ቤት ገባ። እናታችን ገብስ፥ ስንዴ፥ ሽምብራና ባቄላ ቆልተው አስፈጭተው የገንፎ ዱቄት አዘጋጁ። ወንድማችንም እህሉን ራሱ መርጦ ከበረንዳው ይልክልን ጀመር፤ ገንዘቡን ብንሰጠው እንቢ አለ። ሥጋ በተሠራ ቀን መልካሙ ቍራጭ ተፈጭቶ ለልጂቱ ይቀርባል፤ አባወራው መረቁን ይበላል። ሁለት ዓመት በሞላት ሳምንት ወደዚያው ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ነርሷ ለካቻት፤ ነጥቡንም አስቀመጠች። ልጃችን ከመስመሩ ላይ አልደረሰችም። ነገር ግን ከፊተኛው ይልቅ ወደ መስመሩ ቀርባለች። ነርሷም፥ «ዘግይታችኋል፤ ግን አልቀራችሁም» አለችን። ይህን ቃል እንደ ምስክር ወረቀት ተቀብለን ወጣን።

ይህን ጽሑፍ የሚያነብቡ ባልደረቦቻችን ሠራተኞች፥ መምህራንና ተማሪዎች በየፊናቸው አንድ ነገር ማድረግ ይችላሉ ብለን እናምናለን። በመሥሪያ ቤት ያለነው፥ የምንጽፈው የስንዴ ቶንና የመንገድ ኪሎ ሜትር በመጨረሻ የሚለካው በአንዲት ሕፃን አጥንት መሆኑን እናስብ። መምህሩ በክፍሉ ጀርባ ተቀምጦ ትምህርቱ አልገባህ ያለውን ልጅ ሰነፍ ከማለቱ በፊት ምን በልቶ እንደ ወጣ ይጠይቅ። ተማሪው ነገ ወላጅ ሲሆን የሚያስፈልገውን ዛሬ ይማር። ሁላችንም ደግሞ አንድ ማታ ደብተር አውጥተን የቤታችንን ወጪ እንደምር።

ወንድማችን አሁን በየእሑዱ ይመጣል። ልጂቱን ከበሩ መቃን ጋራ አቁሞ በከሰል ምልክት ያደርጋል፤ ባለፈው እሑድ ከተደረገው በላይ ጥቂት ከፍ ብሎ ሲያገኘው ሚዛን እንደ ሞላለት ሰው ፊቱ ይበራል። እርሱ ራሱ በሕፃንነቱ የለካው አልነበረም። እርሱ ምልክቱን ሲያደርግ ባየን ቍጥር ያ የቆየ ቃል ትዝ ይለናል፤ አሁን አንቈጣውም። ልጅ በዕድሉ ያድጋል፤ ነገር ግን ዕድሉን የሚሰፍርለት ሰው ያስፈልገዋል።